የወንድሜ አገጭ

በወጣትነቴ ምን እሠራ እንደነበር ለሚጠይቀኝ ሰው «ሰው ኮት አለብስ ነበር» እላለሁ። ልብስ ሰፊ የነበርኩ ይመስለዋል፤ አላርመውም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ፣ ኮት የሌለውን ሁሉ ኮት አለብስ ነበር። ኮቱ አንድ ነው። ጥቁር ሆኖ ነጭ ሸሚዝና ቀይ ከረባት አለው፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ በሲዲ ያመጣው ነው። ከተበላ ከተማ የመጣ ገበሬ፣ ከገሱባ የመጣ አስተማሪ፣ ከሻንቶ የመጣ ሙሽራ፣ ሁሉም ያንኑ ኮት ለብሰው ወጥተዋል። በዞናችን ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያ ኮት ተሰቅሎ እንደሚገኝ ሳስብ ራሴን ያመኛል።

ነገሩ አስማት አይደለም። ፎቶሾፕ የሚባለው ፕሮግራም ምስልን በድርብርብ ነው የሚይዘው፤ እያንዳንዱን ድርብ «ሌየር» እንለዋለን። ከሥር ሰውየው አለ፣ ከላዩ ኮቱ፣ ከጀርባው ደግሞ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ፏፏቴ። በየሌየሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ዓይን ተሥላለች። ዓይኗን ስትነካት ኮቱ ይጠፋል፤ መልሰህ ስትነካት ይመጣል። ሌየሮቹን ለየብቻ እንዳሉ ካስቀመጥካቸው ያለበስከውን በፈለግክ ጊዜ ማውለቅ ትችላለህ። «መርጅ» ካደረግካቸው ግን አለቀ፤ ኮትና አንገት አንድ ሥጋ ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው የለም። ማሽናችን አሮጌ ስለነበረ ሌየር ሲበዛበት ደርቆ ይቀር ነበር። ባለቤቱ «መርጅ አድርገህ አስቀምጥ እንጂ፣ ኮምፒውተሩን ገደልከው እኮ!» እያለ ይጮህብኛል። ልክ እኔ ያስረጀሁት ይመስል።

ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ግን ለኮት ብቻ አልነበረም። የሚበዛው «አንድ ላይ አድርገን» ባይ ነው። አብረው ፎቶ ሳይነሱ አንዱ የሞተባቸው፣ አንዱ ዓረብ አገር የሄደባቸው፣ አንዱ የጠፋባቸው። አንድ የሁምቦ ገበሬ ሁለት ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ሚስቴ ሞተ። ከእኔ ጋር ቆሞ አያውቅም፤ አሁን አቁመው» አለኝ። በከተማችን አማርኛ ሚስት ትሞታለችም ይሞታልም፤ ሐዘኑ ያው ነው። አቆምኩለት። እሱን ኮቱን፣ እሷን ደግሞ ከአንዲት ሙሽራ ላይ የወሰድኩትን ጥልፍ ቀሚስ አለበስኳቸው። ሰውየው ፎቶውን ብዙ አየና «አስረዘምከው፤ ሚስቴ እኔ ትከሻ ጋ ነው የሚደርሰው» አለ። አሳጠርኩለት።

የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ይመጡ ነበር። ዘመኑ የስብሰባና የባነር ዘመን ነው፤ ልማት የሚለውን ቃል በስንት ዓይነት ፊደል እንደጻፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ኃላፊ የእርከን ሥራ ላይ ሳይገኝ ቀርቶ ኖሮ፣ ለሪፖርቱ ፎቶ አካፋ አስይዤ ተራራው ላይ አቁሜዋለሁ። ጫማው አብረቀረቀብኝ አለ፤ ጭቃ ጨመርኩበት። ያን ጊዜ ሥራዬ ያስቀኝ ነበር። የሌለን ሰው እንዳለ ማድረግ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ወንድሜ ሄደ። በሁለት ዓመት ነው የምበልጠው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቱ አልመጣለትም፤ አንድ ዓመት ያህል ባጃጅ ተራ ላይ ቆሞ ከዋለ በኋላ አንድ ደላላ አገኘው። ያን ጊዜ የሰፈራችን ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወጡ ነበር። አንዱ ደረሰ፣ ሱቅ ከፈተ ሲባል መንደሩ በሙሉ ጫማውን ያጠብቃል። ወንድሜ «ሻንቶ ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ» ብሎ ከቤት ወጣ። ከናይሮቢ አንድ ቀን ወደ እኔ ስልክ ደወለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «ነገ እንነሳለን። እማዬን አደራ» አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ አይነሳም። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

እኛ ወላይታዎች ዘንድ የዓመቱ መለወጫ ጊፋታ ነው። ለጊፋታ የማይመጣ ሰው የለም። የተኳረፈ ይታረቃል፣ ሩቅ ያለ ይመጣል፣ በሬው ይታረዳል፣ ቅቤው ይነጠራል፤ በዚያ ቀን ከቤቱ የጎደለ ሰው መጉደሉን አገር ያውቃል። ወንድሜ በሄደ በመጀመሪያው ጊፋታ እናቴ ፎቶ እንነሳ አለች። ስለ ፎቶ ግድ የሌላት ሴት ናት፤ ቤታችን እስከዚያ ድረስ አንድ ፎቶ አልተሰቀለም። የፎቶ ቤቱን ባለቤት ለመንኩት፣ ካሜራውን አንጠልጥሎ መጣ። አባቴ፣ እናቴ፣ ሁለት እህቶቼና እኔ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ፊት ቆምን። እናቴ ከአባቴ ራቅ ብላ ቆመች። ባለቤቱ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ተጠጉ እንጂ! ምን ሆናችሁ ነው?» አለ።

እናቴ ወይ ፍንክች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንደሚይዝ ሰው እጇን ክፍቱ ቦታ ላይ ዘርግታ «ሰው አለ» አለችው።

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «አንሳው በቃ» አለ። በማግሥቱ እናቴ የወንድሜን የትምህርት ቤት መታወቂያ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። «ለሰው ሁሉ ታደርገው የለ? ለእኔም አድርግልኝ» አለች።

ከዚያ መታወቂያ ሌላ የወንድሜ ፊት ያለበት ነገር አልነበረንም። ፎቶው ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፏል። ሐምራዊው ቀለም ከደረቱ ተነሥቶ አገጩን በሙሉ አልፎ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ይቆማል። ማኅተሙን ለማጥፋት ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ ቀለሙን ሳወጣ አገጩም አብሮ ይወጣል። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ቆሜ ራሴን ፎቶ አስነሣሁና የእኔን አገጭ ቆርጬ በአንድ ሌየር ከላይ አስቀመጥኩለት። የሁለታችንም አገጭ የአባታችን ነው፤ ማን ያውቃል ብዬ። ገጠመ። እንዲያውም እንዴት እንደገጠመ ሳይ ደስ አለኝ።

ገላው ቀረ። ኮቱን አለበስኩትና ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ በቤታችን ቋንቋ ስትቆጣ ቃሏ አጭር ነው። «ይሄ የአገር ሁሉ ኮት ነው። የእኔን ልጅ የሕዝብ ልብስ አታልብሰው» አለች። እውነቷን ነው። እንደገና ራሴን አስነሣሁ። ቁመታችን አንድ ነው፤ የእኔን ሹራብ ለብሶ፣ በእኔ ትከሻ፣ በእኔ እጅ፣ በአባቴና በእናቴ መካከል ቆመ። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ጣቷን ፊቱ ላይ አሳረፈች። ፊቱ በዚያ ፎቶ ላይ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። «ታ ናዓው» አለች፤ ልጄ ማለት ነው። ሰውን ሁሉ አንድ ላይ ሳደርግ ኖሬ ሥራዬ ለሰው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ጊፋታ ቦታውን ክፍት አድርገን እንደገና ቆምን። እናቴ ፎቶ ቤት ድረስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ልጅ ነው ገና» አለች።

«ያለን ፎቶ እሱ ብቻ ነው» አልኳት።

«እሱማ ነው። ግን ዓመት አለፈ። አንተ ፂም ያበቀልከው በዚህ ዕድሜ አይደለም እንዴ?»

ነበር። እናት ታውቃለች። ስለዚህ ፂም ጨመርኩለት፤ ከማን ይመጣል፣ ከእኔው ነው። ቀጭን አድርጌ፣ ሳሳ አድርጌ፣ በአንድ ሌየር። በሦስተኛው ዓመት «ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው አይከሳም» አለችኝና የእኔን ጉንጭ ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ግንባራችን ላይ ጸጉር መሸሽ ጀመረ። የእኔ ማለቴ ነው። እናቴ የእኔን ግንባር አይታ ወደ ስክሪኑ ዞረችና «የአባታችሁ ዘር ነው፤ እሱንም አይምረው» አለች። ግንባሩንም ሰጠሁት። እንዲህ እያልን እያንዳንዱ ጊፋታ በመጣ ቁጥር ወንድሜ እኔ ትናንት የነበርኩበት ላይ እየደረሰ መጣ። ከሥር ያለው የመታወቂያው ፊት ግን ነበረ። ዓይኖቹ የራሱ ነበሩ። ለእናቴ ያልነገርኳት፣ ብቻዬን ስሆን የላይኞቹን ሌየሮች ዓይን አንድ በአንድ እየነካሁ አጠፋቸውና ያ ልጅ፣ ማኅተም አገጩ ላይ የተጋደመበት፣ ያየኝ ነበር።

ፎቶው በየዓመቱ እየተቀየረ ሳሎናችን ተሰቀለ። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል። «መቼ መጣ?» ይላል። እናቴ «ለጊፋታ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። አባቴ በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ይወጣል። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቼው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለኝና ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ ተናደድኩበት። እሷ እንኳ አንድ ነገር ይዛ ነው ያለችው፣ አንተ ምን ይዘሃል ልለው ፈልጌ ዋጥኩት።

አባቴም ግን የራሱ ነገር ነበረው። ዕድሜ ልኩን የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ነው የሠራው። ስንት ሰው ከገጠር በእግሩ መጥቶ «ማኅተም የለውም» ተብሎ ሲመለስ በዓይኑ አይቷል። ከሻንቶ ወዲያ ያለ አንድ ሰው ከደቡብ አፍሪካ ለሠርግ መጥቶ ሊመለስ መሆኑን ሰማንና አባቴና እኔ ሄድን። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። «የኛ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ሁሉ አውቃለሁ፤ ፎቶ ስጡኝ፣ እያሳየሁ እጠይቃለሁ» አለ። የመታወቂያውን ፊት አጽድቼ፣ አሳድጌ፣ በጥሩ ወረቀት አትሜ ይዤ ነበር። አውጥቼ ዘረጋሁለት።

አባቴ እጄን ያዘ። «ይሄ ምንድን ነው? ማኅተም የለውም እኮ።»

«አባዬ፣ ለመፈለጊያ ነው። ፊቱ ይበቃል።»

«ማኅተም የሌለውን ማን ያምናል? የሰው አገር ነው። ይሄን ሰውዬ ‹ከየት አምጥተህ ነው› ቢሉትስ?» ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለውን መታወቂያ አወጣና በሁለት እጁ አቀረበለት። «ዋናውን ውሰድ። ዋናው ይሻላል።»

ሰውየውም በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም አልከለከልኩም፤ እውነቱን ለመናገር አባቴ ልክ ነው ብዬ ነው። በዚህ አገር ያደገ ሰው ማኅተም ካለውና ከሌለው ዋናውን እንዴት ቤቱ ያስቀራል? ሰውየው ሄደ። ይድረስ አይድረስ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስልኩ አይሠራም፣ ቤተሰቦቹም ጠፋብን ብለው ከእኛ ይልቅ ያለቅሱ ጀመር።

እኔ ግን ፋይሉ አለኝ ብዬ አልደነገጥኩም። ሌየሮቹ ሁሉ ለየብቻቸው፣ ከሥር ያ ፊት፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ መርጅ አድርገው እያለ ሲጮህብኝ ያላደረግኩት ያን አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ሠርግ ለማንሳት ገሱባ ወርጄ ሳለሁ ኮምፒውተሩ በቫይረስ አልነሣ አለ። ያን ጊዜ ቫይረስ በፍላሽ ከፎቶ ቤት ወደ ፎቶ ቤት እንደ ጉንፋን ነው የሚዞረው። ቴክኒሻን ተጠራ፤ «ፎርማት ካልተደረገ፣ ያለበት ሁሉ ካልተጠረገ አይሆንም። የሚፈለግ ነገር አለበት?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ «ኧረ ምንም፣ የሞተ የሞተ ሰው ፎቶ ነው ያለው» አለው። ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ። ማሽኑ ፈጥኖ ሲነሣ አሳየኝና «አየህ?» አለ። ጉሮሮው ላይ እንዳልዘልበት የያዘኝ ምን እንደሆነ አላውቅም። ውጪ ወጥቼ የዳሞታን ተራራ ሳይ ቆየሁና ተመልሼ ገባሁ። የሚጠብቀኝ ኮት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊፋታ ካለፈው ዓመት የታተመ ፎቶ ላይ ፊቱን ወስጄ ሠራሁት። ዓይኑ የደበዘዘ ስለነበረ ትንሽ አጠራሁት። በምን ካልክ፣ በእኔ ዓይን።

መርዶ የሚመጣው ማለዳ ነው። አንድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢያችን ገቡ፤ እናቴ በሩን ስትከፍት እነሱን ማየቱ በቂዋ ነበር። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል። ከደቡብ አፍሪካ ተይዞ የተመለሰ የጎረቤት መንደር ልጅ ነው፤ ከናይሮቢ ጀምሮ ከወንድሜ ጋር የተጓዘ። ከመጣ ቆይቷል ለካ። ዘመድ ሰምቷል፣ ገበያ ሰምቷል፣ ባጃጅ ተራ ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የቀረነው እኛ ነን። ልጁ ራሱን አቀርቅሮ ነገረን። የታሸገ መኪና ውስጥ ነበሩ። አየር አልነበረም። ወንድሜ አልተነሣም። ከመንገዱ ዳር ቀበሩት። ከእኔ ጋር በስልክ ካወራ ገና ሳምንት አልሞላም ነበር።

እህቶቼ መሬት ላይ ወደቁ። እናቴ አልጮኸችም። ወደ ልጁ ቀረበችና አገጩን ቀና አድርጋ ዓይኑን አየች።

«ፂም ነበረው?» አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ግን ገባኝ።

«አልነበረውም፣ እናቴ» አለ ልጁ። «ልጅ ነበር እኮ።»

ለቅሶው ላይ ፎቶ ያስፈልጋል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ሰው የሚያለቅሰው ፎቶውን እያየ ነው፤ ሌላ ምን አለ? የነበረን የመጨረሻው ጊፋታ ፎቶ ነው። ከቤተሰቡ መካከል ቆርጬ፣ አሳድጌ፣ በፍሬም አደረግኩት። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከተበላ፣ ከገሱባ፣ ከሻንቶ ዘመድ እየመጣ ፊቱ ቆሞ ደረቱን ይመታል። ከዚያ ቀና ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ እኔን ያዩኛል። ለቅሷቸውን ያቋርጣሉ። አንዷ የአባቴ አክስት ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ «መንታ ነበራችሁ እንዴ? እኔ ረስቼው ነው?» አለችኝ። «እርስዎ ረስተው አይደለም» አልኳት። ሦስቱንም ቀን የራሴን ለቅሶ ተቀምጬ እንደማይ ያለ ነበር፤ ለወንድሜ የሚሆን እንባ ከዓይኔ አልወጣ አለኝ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ፎቶ ቤት መጣች። የያዘችው ከመጀመሪያው ጊፋታ ጀምሮ የሠራሁላትን ፎቶዎች ሁሉ ነው፤ አንዱንም አልጣለችም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«የሄደበትን ፊት መልስልኝ» አለች። «ፂሙን አውልቅለት። ጉንጩንም። ያደረግክለትን ሁሉ አውልቀው። አልደረሰበትም፤ እዚያ ዕድሜ ላይ አልደረሰም።»

ፋይሉ ጠፍቷል ብዬ ብነግራት አይገባትም፤ ጨምረኸው የለ፣ ቀንሰው ነው የምትለው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ስሙ እንጂ ፎቶው የለም። የክፍል ጓደኞቹ አንድ የቡድን ፎቶ አገኙልኝ፤ ከኋላ ቆሞ ራሱን አንቀሳቅሶ ኖሮ ፊቱ የተጠራረገ ነጭ ነገር ነው። ለሰውየው ይዤለት የሄድኩትን ንጹሑን ህትመት አባቴ «ማኅተም የሌለው» ብሎ እዚያው ሻንቶ ጥሎት እንደመጣ ያስታወስኩት ያን ሰሞን ነው። ሰው ልኬ ነበር። የለም አሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊፋታ ፎቶ ስካነር ውስጥ አስገባሁ። ፊቱን አሳደግኩት። የሽምብራ ፍሬ ብታሳድገው ሽምብራ ነው፤ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆነ። ሁለተኛውን አስገባሁ። ሦስተኛውን። የመጨረሻው ትልቁ ስለሆነ በእሱ ላይ ሠራሁ። ፂሙን በላጲሱ ማጥፋት ጀመርኩ። እናቴ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። ከፂሙ ሥር አገጭ ወጣ፤ የእኔ አገጭ። ጉንጩን አሳነስኩ፤ እኔ ስከሳ የምመስለው ሆነ። ጸጉሩን ወደ ግንባሩ መለስኩ፤ እኔ ከአምስት ዓመት በፊት። ባወለቅኩ ቁጥር ከሥር የምመጣው እኔ ነኝ፤ ልጅ እየሆንኩ፣ ልጅ እየሆንኩ። ሌየር ቢሆን ኖሮ አንዱ ጋ ይቆም ነበር። ይሄ ግን አንድ ሥጋ ሆኗል።

እናቴ እጇን በማውሱ ላይ ያለው እጄ ላይ አሳረፈች።

«ተወው» አለች።

«ትንሽ ልሞክር፣ እማዬ።»

«ተወው አልኩህ። ፎቶው አይደለም።» ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ መንገዱ ነበር የምታየው። «ድሮ ስጸልይ ዓይኔን ስጨፍን እሱ ይመጣ ነበር። ልጄ፣ እንደሄደ ሆኖ። መቼ እንደተወኝ አላውቅም። አሁን ስጨፍን የምትመጣው አንተ ነህ።»

ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ፎቶዎቹን ሰብስቤ ልስጣት ብል አልወሰደቻቸውም። ባጃጅ ድረስ ሸኘኋት፤ ከመግባቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለችና «አንተ ምን ታደርግ፤ እኔ ነኝ ሥራው ያልኩህ» ብላ ጉንጬን ነካችኝ። ነክታኝ ግን ፊቴን አላየችም።

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴ ስትጸልይ ዓይኗን አትጨፍንም።